ወደ ፍላትቤድ ልትገቡ ነው? ስትራፕ፣ ሰንሰለት፣ ታርፕና ኮንስቶጋ ሲነጻጸሩ

አሜሪካ ውስጥ ድራይቫን (ዝግ ሳጥን ትሬይለር) የሚጎትት ሐበሻ አንድ ቀን ስለ ፍላትቤድ (ግድግዳና ጣሪያ ስለሌለው ትሬይለር) መጠየቁ አይቀርም። ዶክ (የመጋዘን መጫኛ በር) ላይ ሰዓታት መቆም የሰለቸው ይጠይቃል። ሎድ ቦርድ (ጭነት የሚለጠፍበት ገበያ) ላይ የፍላትቤዱን ዋጋ አይቶ ልቡ የተነሳውም ይጠይቃል። ዳላስም ሆነ ዴንቨር ጥያቄው ያው ነው፤ "በማይል ስንት ይከፍላል?"

ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ቢመጣ ይሻላል። ፍላትቤድ ላይ ገንዘቡን የሚያመጣውም የሚበላውም ማሰሩና መሸፈኑ ነው። ዋጋቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ሎዶች አንዱ በግማሽ ሰዓት ታስሮ መንገድ ይጀምራል። ሌላው ንፋስ ላይ ታርፕ (የጭነት ሸራ) ሲያጎትታችሁ ከሰዓት ይሆናል። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው የትሬይለር ብራንድ አይደለም። ጭነቱን የምትይዙበትንና የምትሸፍኑበትን ዕቃ ነው።

አገር ቤት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል። እዚያ ገመድ የሚወጥረው፣ ሸራ የሚጎትተው፣ ጎማ የሚያየው ረዳት ነው። እዚህ ረዳት የለም። ሾፌሩም ረዳቱም አንድ ሰው ነው፤ ትሩፐር (የስቴት ፖሊስ) ሲያስቆም የሚጠየቀውም እሱው ነው።

መለኪያው ይቅደም

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አራት ነገር አስቡ። ሕጉ ምን ይጠይቃል? ከቀኔ ስንት ሰዓት ይወስዳል? ትከሻዬና ወገቤ ይችሉታል? ብዙ ጊዜ የምጭነው ምንድን ነው? የዕቃው ዋጋ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ርካሽ ሆኖ ለጭነታችሁ የማይሆን ዕቃ ሁለቴ ያስወጣችኋል።

ሰዓቱን ብዙ ሰው አቅልሎ ያየዋል። ማሰርና መሸፈን ኦን ዱቲ (በሥራ ላይ) ነው፤ ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ መንዳት ከሚፈቀድበት 14 ሰዓት ላይ ይቆረጣል። 11 የመንጃ ሰዓታችሁ ገና ቢተርፍም 14ቱ ካለቀ ቀኑ አልቋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ታርፕ ላይ ያጠፋ ሰው እነዚያን ሁለት ሰዓታት ማታ መንገድ ላይ ያጣቸዋል። ቅዳሜና እሁድም አለ። ድራይቫን የሚቀበል መጋዘን ሌት ተቀን ሊሠራ ይችላል። ፍላትቤድ የሚያራግፍ የግንባታ ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ በማለዳ ከፍቶ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። ዓርብ ካመለጣችሁ ሰኞ ድረስ ትጠብቃላችሁ።

ሕጉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዕቃ ምርጫው በሙሉ የሚወሰነው እዚህ ነው። የፌዴራሉ ደንብ ዋና ሐሳብ አጭር ነው። የማሰሪያዎቻችሁ የመያዝ አቅም ተደምሮ ቢያንስ የጭነቱን ክብደት ግማሽ መሙላት አለበት። የመያዝ አቅም ማለት ሾፌሮች ደብልዩ ኤል ኤል የሚሉት፣ ስትራፑ (የጨርቅ ማሰሪያ ቀበቶው) መለያ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። መበጠሻ ቁጥሩ አይደለም። ሻጮች ትልቁን ቁጥር ማጉላት ይወዳሉ። የተለመደው ባለ 4 ኢንች ስትራፕ 16,200 ፓውንድ ላይ ይበጠሳል ቢባልም፣ ሚዛን ጣቢያ ላይ የሚቆጠርላችሁ 5,400 ብቻ ነው።

ከክብደት ሌላ ርዝመትም ይቆጠራል። ከፊቱ በግድግዳ ወይም በሌላ ጭነት ያልተገታ ዕቃ እስከ 10 ጫማ ከሆነ ሁለት ማሰሪያ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 10 ጫማ፣ ሽራፊም ቢሆን፣ አንድ ይጨመራል። ከ5 ጫማ የማይረዝም፣ ከ1,100 ፓውንድም የማይከብድ ትንሽ ዕቃ ብቻ በአንድ ይታለፋል።

44,000 ፓውንድ የሚመዝን፣ 40 ጫማ የሚረዝም እንጨት ጫናችሁ እንበል። ግማሹ 22,000 ነው። ለ5,400 ሲካፈል ከአራት ትንሽ ያልፋል፤ ስለዚህ አምስት ስትራፕ። በርዝመትም ብታሰሉት አምስት ነው። ሕጉ በዚህ ይረካል። ልምድ ያለው ሾፌር ግን አይረካም፤ ስምንትና ከዚያ በላይ ይወረውራል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። አንድ ስትራፕ መንገድ ላይ ቢቆረጥ በአምስት የወጣው ሰው ያኔውኑ ከሕግ ውጭ ነው።

ፍተሻውንም አትርሱ። ከመነሳት በፊት፣ ከዚያ በመጀመሪያው 50 ማይል ውስጥ፣ ከዚያ ደግሞ በየ150 ማይሉ ወይም በየ3 ሰዓቱ ወይም የሥራ ሁኔታችሁ ሲቀየር፣ ከሦስቱ ቀድሞ በመጣው። የመጀመሪያው 50 ማይል ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም። ጭነት የሚረጋው ያኔ ነው፤ ጠዋት እንደ ክራር ተወጥሮ የነበረ ስትራፕ እዚያ ላይ ሲላላ ታዩታላችሁ።

ስትራፕ ወይስ ሰንሰለት?

ስትራፕ የፍላትቤድ ዕለታዊ ዕቃ ነው። ቀላል ነው። በአንድ እጅ ተጠቅልሎ በጭነቱ ላይ ይወረወራል፤ በዊንች (በትሬይለሩ ጎን ባለው መጠምዘዣ) ይወጠራል። እንጨት፣ ጂፕሰም ቦርድ፣ በፓሌት የተደረደረ ጡብ፣ ቀለም የተቀባ ብረት፣ ሁሉንም ሳይጭር ይይዛል። ዋጋውም አይከብድም፤ ባለ 4 ኢንቹ ብዙውን ጊዜ ከ30 ዶላር በታች ይገኛል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሙሉ ትሬይለሩን በስትራፕ ብቻ ሊያሠራ የሚያስበው።

ችግሩ ስለት ነው። የብረት ሉህ ጠርዝ፣ የአንግል ብረት ጥግ፣ የኮንክሪት ማዕዘን ስትራፕን ቀስ ብሎ ይበላዋል። ከመኪናው ንቅናቄ ጋር እየፈገፈገ ይቆርጠዋል። ሕጉም ማሰሪያው የሚፈገፈግበት ወይም የሚቆረጥበት ቦታ ላይ መከላከያ እንዲደረግ ያዛል። የፕላስቲክ ጥግ መከላከያ የጥቂት ዶላር ነገር ነው፤ በደርዘን ግዙት። ፀሐይም ስትራፕን ያደክመዋል። ቀለሙ የነጣና እንደ ካርቶን የደረቀ ስትራፕ መለያው ላይ ያለው ቁጥር ቢያምርም አትመኑት።

ስለ መለያ ካነሳን፣ መለያው ተቀዶ የጠፋ ባለ 4 ኢንች ስትራፕ 4,000 ፓውንድ ብቻ ይቆጠራል። በኢንች 1,000 ማለት ነው። ከላይ ያየነውን እንጨት መለያ በሌላቸው ስትራፖች ብታስሩት አምስቱ አይበቁም፤ ስድስት ያስፈልጋል። ጨርቁ ያው ነው፤ የጎደለው ያቺ ትንሽ ወረቀት ናት።

ሰንሰለት የሌላ ዓለም ዕቃ ነው። የፍላትቤድ ሾፌር ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ግሬድ 70 (የጥንካሬ ደረጃው ነው) የሚባለውን ነው፤ ወርቅማ ቀለም ያለው። ባለ 3/8 ኢንቹ 6,600 ፓውንድ፣ ባለ 5/16ቱ 4,700 ፓውንድ ይይዛል። ቀለሙ ግን ማስረጃ አይሆንም። ቀለበቱ ላይ 7 ወይም 70 ወይም 700 ተቀርጾ መታየት አለበት። ምልክት ከሌለው ግሬድ 30 ተደርጎ ይቆጠራል፤ 3/8ቱ ከ6,600 ወደ 2,650 ይወርዳል። ጓደኛ "ውሰደው፣ እኔ አልፈልገውም" ያላችሁን አሮጌ ሰንሰለት ከመቀበላችሁ በፊት ቀለበቱን በባትሪ እዩት።

ሰንሰለት ስለትን አይፈራም። የማሽን ማሰሪያ ቀለበት ላይ፣ ከባድ ብረት ላይ፣ ኮይል (የብረት ጥቅል) ላይ ቦታው የሱ ነው። በተቃራኒው እንጨትና አልሙኒየም ላይ ብትጥሉት ጠባሳ ይተዋል፤ ተቀባዩም ፎቶ ያነሳል። ክብደቱም ቀላል አይደለም። አንድ ባለ 20 ጫማ 3/8 ሰንሰለት ወደ 30 ፓውንድ ይመዝናል። ባይንደሩ (ሰንሰለቱን የሚወጥረው መሣሪያ) ሲጨመርበት አሥር ጥንድ ከ400 ፓውንድ ያልፋል። ያንን ሁሉ የምታወጡትና የምትመልሱት እናንተ ናችሁ፤ ዝናብ ላይም፣ በረዶ ላይም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ስሌት። 30,000 ፓውንድ የሚመዝን ኤክስካቫተር ጫናችሁ። 10,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ባለ ጎማ ወይም ባለ ሰንሰለት ማሽን ቢያንስ አራት ማሰሪያ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱም ከ5,000 ፓውንድ ያላነሰ አቅም ያለው። አራት ባለ 3/8 ሰንሰለት አላችሁ፤ በ6,600 ሲባዛ 26,400 ነው። ከግማሹ ከ15,000 በላይ ስለሆነ በቂ ይመስላል። በቂ አይደለም። ከትሬይለሩ ተነስቶ ማሽኑ ላይ የሚያልቅ ማሰሪያ የሚቆጠረው በግማሽ ነው። ሙሉ የሚቆጠረው ከአንዱ ጎን ተነስቶ በጭነቱ ላይ አልፎ በሌላው ጎን የታሰረው ብቻ ነው። ስለዚህ አራቱ 13,200 ሆኑ። አምስተኛ ያስፈልጋል።

ጉዱ ገና አላለቀም። አንድ ማሰሪያ የሚለካው በደካማው ክፍሉ ነው። ሰንሰለቱ 6,600 ሆኖ ባይንደሩ 5,400 ከሆነ ሁሉም 5,400 ነው፤ በግማሽ 2,700። ያኔ ለዚያው ኤክስካቫተር ስድስት ትፈልጋላችሁ። ገበያ ላይ ሁለቱም ዓይነት ባይንደር ጎን ለጎን ተሰቅሎ ይሸጣል፤ ቁመናቸው አንድ ነው። የሚለየው የተቀረጸው ቁጥር ነው። ማሽኑ ላይ ያለው ክንድና ባልዲም መውረድና መታሰር እንዳለበት አትርሱ።

ባይንደሩ፦ ሌቨር ወይስ ራቼት?

እዚህ ላይ ሚዛናዊ ለመምሰል አልሞክርም። ራቼት ግዙ።

ሌቨሩ ርካሽና ፈጣን ነው፤ አንዴ ጎትቶ መቆለፍ ነው። ነገር ግን ኃይሉን አምቆ ይይዛል። ሲከፈት እጀታው ተመልሶ ይመታል፤ ጥርስና መንጋጋ የሰበረባቸው ሾፌሮች ታሪክ በየትራክ ስቶፑ ይወራል። እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክቶ ማስረዘም የሚባለው ልማድ ደግሞ አደጋውን ያባብሰዋል። ራቼቱ ቀስ እያለ ይወጠራል፣ ቀስ እያለም ይላላል። 50 ማይል ላይ ቆማችሁ ሁለት ጥርስ መጨመር ስትፈልጉም ሳትፈቱ ትጨምራላችሁ። ልዩነቱ ጥቂት አሥር ዶላር ነው።

ኮይል ለብቻው ይታይ

የብረት ጥቅል፣ ሾፌሮች ኮይል የሚሉት፣ ጥሩ ይከፍላል፤ ምክንያት አለው። አንዱ ጥቅል ብቻውን የሙሉ ሎድ ክብደት ሊሆን ይችላል። ክብ ስለሆነም ከተንከባለለ የሚያቆመው የለም። ቀዳዳው ወደ ሰማይ ሲያይ፣ ወደ ጎን ሲያይና ወደ ፊት ሲያይ አስተሳሰሩ ሦስት ዓይነት ነው። ወደ ሰማይ ለሚያየው ቢያንስ ሁለት ማሰሪያ በሰያፍ ተጠላልፎ፣ አንድ ደግሞ በመሐሉ ተሻግሮ ይታሰራል፤ ወደ ፊት እንዳይንሸራተትም ይገታል። ወደ ጎን የሚያየው እንዳይንከባለል ወፍራም እንጨትና መያዣ ይፈልጋል። ወለሉ ላይ በሚስማር የተመታ እንጨት ብቻውን አይፈቀድም። አላባማ ደግሞ ኮይል ለሚጭኑ የራሷ የሰርተፍኬት ሕግ ነበራት፤ ከስቴት ወደ ስቴት ለሚሄድ ጭነት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 በፌዴራል ውሳኔ ቀርቷል፤ ወደዚያ ሎድ ከመያዛችሁ በፊት ዲስፓቸራችሁን ጠይቁ።

የመጀመሪያ ዓመት ሾፌር ኮይልን ከሚያውቅ ሰው ጋር ቆሞ ሳያስር ብቻውን ባይነካው እመርጣለሁ። በዩቲዩብ አይተው የሚጀምሩም አሉ፤ ይቅርባቸው።

ታርፕ፣ ያለ ታርፕ፣ ወይስ ኮንስቶጋ?

መጀመሪያ አንድ ግራ መጋባት እናጥራ። ታርፕ ማሰሪያ አይደለም። ኮንስቶጋም (ተንሸራታች ሸራ ያለው ትሬይለር) ማሰሪያ አይደለም። ሁለቱም ዝናብና አቧራ ይከላከላሉ እንጂ ጭነት አይዙም። "ኮንስቶጋ ስለሆነ ሁለት ስትራፕ ይበቃል" የሚል ሰው ከገጠማችሁ አትስሙት፤ ውስጡ ያለው ጭነት ልክ እንደ ክፍት ትሬይለር ሙሉ በሙሉ ይታሰራል።

ታርፕ በሁለት ይከፈላል ብላችሁ ያዙት። አጭሩ ለብረት ነው፤ ጎኑ ወደ 4 ጫማ ይወርዳል። ረጅሙ ለእንጨትና ለከፍተኛ ጭነት ነው፤ ጎኑ ወደ 8 ጫማ ይወርዳል፤ ጀርባውን የሚዘጋ ጨርቅም አለው። ወፍራሙ ባለ 18 አውንስ ቪኒል ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ግን አንዱ ረጅም ታርፕ ወደ 100 ፓውንድ ይሄዳል። እርጥብ ሲሆን ይጨምራል። ቀለል ያለው ጨርቅ ለትከሻ ይምራል፣ ቶሎ ግን ይቀደዳል። ወገቡን ለሚያመው ሰው ቀለል ያለውን ገዝቶ ቶሎ መለወጥ ያዋጣል ባይ ነኝ። ወገብ መለዋወጫ የለውም።

አሠራሩ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። የኋላውን ታርፕ ቀድማችሁ ዘርጉ፤ የፊተኛው ከላዩ ይደረብ። ተገላቢጦሽ ካደረጋችሁት ንፋሱ በመጋጠሚያው ገብቶ እንደ ፊኛ ይነፋዋል። ሁለተኛው፣ የጎማ ገመዱን ስትስቡ ፊታችሁን ከመስመሩ አውጡ። መንጠቆው ካመለጠ የሚመጣው ወደ ዓይን ነው። ጭነቱ ላይ መውጣት ግድ ሲሆንም፣ አንዳንድ የብረት ፋብሪካዎች መደገፊያ ቀበቶ ያለው የታርፕ ማልበሻ ቦታ አላቸው። ካለ ተጠቀሙበት፤ ሰልፉ ቢረዝምም።

ብርድ ላይ ቪኒል ይደርቃል፤ ማጠፍ ትግል ነው። ዋዮሚንግ ውስጥ በአይ-80 ላይ ከላራሚ እስከ ሮሊንስ ባለው መስመር ያለፈ ሰው ንፋስ ምን እንደሆነ አይነገረውም። እዚያ ታርፕ ለማስተካከል መቆም ራሱ አደጋ ነው፤ ከመድረሳችሁ በፊት ጨርሱ።

ያለ ታርፕ መሥራትስ? ይቻላል። ቧንቧ፣ የግንባታ ፌሮ፣ የኮንክሪት ውጤቶች፣ ብዙ ማሽኖች፣ በኬሚካል የታከመ እንጨት ብዙ ጊዜ ሳይሸፈኑ ይሄዳሉ። በሰዓትም በጉልበትም የተሻለው ሥራ ይህ ነው። የሚቀንሰው ምርጫችሁ ነው። የጂፕሰም ቦርድ፣ የደረቀ የቤት እንጨት፣ ዝገት የሚፈራ ብረት ከዝርዝራችሁ ይወጣል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ይህ ያማል።

ኮንስቶጋ መሐከለኛውን መንገድ ይዟል። በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ሸራ ነው፤ ገፍታችሁ ትከፍታላችሁ፣ ገፍታችሁ ትዘጋላችሁ። ታርፕ ላይ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጀው ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል። ጭነት ላይ መውጣት ቀርቷል፤ ከፍታ ላይ ወድቆ የመጎዳት ነገር አብሮ ይቀንሳል። ሸራው ጭነቱን ስለማይነካም በቀላሉ የሚጫር ማሽን የሚልኩ ድርጅቶች ይወዱታል።

ዋጋው ግን ያስደነግጣል፤ ከተራ ፍላትቤድ በላይ በአሥር ሺዎች ዶላር ሊጨምር ይችላል። መዋቅሩ ከአንድ ሺህ ፓውንድ በላይ ስለሚመዝን የምትጭኑት ይቀንሳል። 80,000 ፓውንድ ጠቅላላ ጣሪያ ላይ ያቺ ልዩነት ከባድ ብረት ታስቀርባችኋለች። የውስጥ ቁመቱና ስፋቱም ይጠብባል፤ ከልክ ያለፈ ወይም ወደ ጎን የሚወጣ ጭነት አይሆንለትም። ባዶውን ሲሄድ ደግሞ ነፋስ የሚመታው ትልቅ ጎን አለው። ዋዮሚንግ ቀላልና ረጅም ቁመት ያላቸውን መኪኖች ብቻ ለይታ መንገድ በምትዘጋበት ቀን ባዶ ፍላትቤድ ሊያልፍ ሲችል እናንተ ትቆማላችሁ። ሐዲዱ ከተጣመመ ወይም ሸራው ላይ በረዶ ከከበደ ደግሞ እንደዚያ በደቂቃ አይከፈትም።

ስለ ስቴፕ ዴክ በአጭሩ፦ ወለሉ ዝቅ ስለሚል ቁመት ታገኛላችሁ። ተራው ፍላትቤድ ከመሬት ወደ 5 ጫማ ነው፤ የስቴፕ ዴክ ታችኛው ወለል ወደ 3 ጫማ ተኩል። ብዙ ስቴቶች ላይ የቁመት ጣሪያው 13 ጫማ ከ6 ኢንች ስለሆነ፣ 10 ጫማ ቁመት ያለው ማሽን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚሄደው በስቴፕ ዴክ ነው። የማሰሩ ነገር አይለወጥም።

በአንድ እይታ

| ምርጫ | የሚስማማው ጭነት | ሰዓት | ጉልበት | ወጪ | ድክመቱ |
|---|---|---|---|---|---|
| ባለ 4 ኢንች ስትራፕ (5,400) | እንጨት፣ ቦርድ፣ ፓሌት፣ የተቀባ ብረት | አጭር | ቀላል | ዝቅተኛ | ስለትና ፀሐይ |
| ግሬድ 70 ሰንሰለት 3/8 (6,600) | ማሽን፣ ከባድ ብረት፣ ኮይል | መካከለኛ | ከባድ | መካከለኛ | ክብደት፣ ጠባሳ |
| ሌቨር ባይንደር | ከሰንሰለት ጋር | ፈጣን | ድንገተኛ ኃይል | ዝቅተኛ | ተመልሶ ይመታል |
| ራቼት ባይንደር | ከሰንሰለት ጋር | ትንሽ ዘገምተኛ | የተረጋጋ | ትንሽ ከፍ ያለ | ቅባትና ጽዳት ይፈልጋል |
| ያለ ታርፕ መሥራት | ቧንቧ፣ ፌሮ፣ ኮንክሪት | በጣም አጭር | ቀላል | የለም | የሎድ ምርጫ ይጠብባል |
| ታርፕ | ውሃ የሚፈራ ሁሉ | አንድ ሰዓትና በላይ | በጣም ከባድ | ብዙ መቶ ዶላር | ንፋስ፣ መውደቅ |
| ኮንስቶጋ | ውድና የሚጫር ጭነት | ደቂቃዎች | ቀላል | በጣም ከፍተኛ | ክብደት፣ ልኬት፣ ጥገና |

ለማን የትኛው?

*ለካምፓኒ ልትነዱ ከሆነ* ምንም አትግዙ። ጥሩ ጓንት፣ ጫፉ ብረት ያለው ጫማ፣ ሄልሜትና አንጸባራቂ ሰደሪያ ይበቃችኋል፤ ያለ እነሱ ብዙ ፋብሪካ በር ላይ ይመልሳችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ጠይቁ። ታርፕ ለማልበስ ለብቻው ይከፈላል? የተቆረጠ ስትራፕ ማን ይተካል? ኮይል ከመስጠታችሁ በፊት በአካል ታሠለጥናላችሁ? ዓርብ ያልተራገፈ ሎድ ላይ ስቆም ምን ይታሰብልኛል? በማይል የሚከፈለው ጥሩ ሆኖ ለታርፕ አምስት ሳንቲም የማይጨምር ካምፓኒ ጉልበታችሁን በነጻ እየወሰደ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስትራፖቹን አውጥታችሁ መለያቸውን እዩ። መለያ አልባውን ያኔ መልሱ፤ ሚዛን ጣቢያ ላይ ከተገኘ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

*የራሳችሁን ትራክ ይዛችሁ ገንዘብ ካጠረባችሁ* ያገለገለ ተራ ፍላትቤድ፣ አሥራ ሁለት ያህል አዲስ ስትራፕ፣ ስድስት ሰንሰለት፣ አቅማቸው 6,600 የሆኑ ስድስት ራቼት ባይንደሮች፣ ብዙ የጥግ መከላከያና ደኔጅ (ከጭነቱ ሥር የሚነጠፍ እንጨት) ያዙ። ታርፑን ለጊዜው ተዉት። ገበያውን ከሠራችሁበትና የት መስመር እንደሚሻላችሁ ካወቃችሁ በኋላ በሠራችሁት ገንዘብ ግዙት። አንዳንዱ "ታርፕ ከሌለህ ሎድ የለም" ይላል፤ ከሂዩስተን ቧንቧ እየጫነ የሚኖረውን ሰው ጠይቁት።

*ማሽን ላይ ማተኮር ከፈለጋችሁ* ስቴፕ ዴክ ከሰንሰለት ጋር። ስምንትና አሥር ጥንድ ያዙ፤ የኤክስካቫተሩን ስሌት አይታችኋል። ታርፕ እምብዛም አያስፈልጋችሁም። መወጣጫ ያለው ትሬይለር ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ተነድቶ ይወጣል፤ ዶክ አትፈልጉም።

*ዕድሜያችሁ ከገፋ ወይም ትከሻ ከተጎዳ* ኮንስቶጋ ትክክለኛው መልስ ነው፤ ግን ከመግዛት ኮንስቶጋ የሚያስጎትት ካምፓኒ መፈለግ ይቀላል። እንዲህ ባለ ትሬይለር ላይ ብቻ የሚሠሩ አሉ። በራሳችሁ ገንዘብ መግዛት የሚያዋጣው ቋሚ ደንበኛ ካላችሁ ነው። በስፖት ገበያ (ያለ ቋሚ ውል በየሎዱ በሚገኝ ሥራ) ብቻ የሚኖር ሰው በዚያ ወርሃዊ ክፍያ ላይ እንቅልፍ ያጣል።

የካርጎ ኢንሹራንሳችሁን ፖሊሲ አንብቡት፤ ወይም አንባቢ ፈልጉለት። ታርፕ ሳይለብስ ዝናብ የነካውን ወይም የዛገውን ጭነት ይሸፍናል አይሸፍንም የሚለው መስመር በአብዛኛው ውስጡ አለ። አንድ የረጠበ የጂፕሰም ሎድ ከምትገዙት ታርፕ ሁሉ ይበልጣል።

*ያገለገለ ኮንስቶጋ* ላይ ዓይናችሁ ካረፈ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ብቻችሁን ሆናችሁ ሸራውን ከፊት እስከ ኋላ ሁለት ጊዜ ክፈቱት፣ ዝጉት። ሻጩ እንዲያግዛችሁ አትፍቀዱ። የሚነክስበት ቦታ ካለ ሐዲዱን በእጃችሁ ዳሱ፤ ጥምመቱ እዚያ ነው። ከውስጥ ገብታችሁ በሩን አስዘጉና ወደ ላይ ተመልከቱ፤ የሸራው ቀዳዳ ሁሉ በብርሃን ይታያል። ባዶውን ሚዛን ላይ አውጡትና የሚተርፋችሁን የጭነት ፓውንድ ቁጥሩን ይዛችሁ ዋጋ ተደራደሩ።